የመጫኛ ሲዲ በሌለበት አሮጌ ላፕቶፕን ማስነሳት

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ትናንት መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ ዛሬ ደግሞ አልነሳም አለ» አሉኝ። እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። እዚያ ያለው ልጅ ስክሪኑን አንዴ አየት አድርጎ «ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል» አላቸው። ውስጡ ያለው የአባላት ስም ዝርዝር፣ የወር መዋጮ ሒሳብና ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተከፈለው ገንዘብ መዝገብ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

ስክሪኑ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ»። ይህ ማለት ከግማሽ ሜጋባይት የማይበልጥ አንድ ፋይል አልተገኘም ማለት ነው። ዊንዶውሱም፣ ሰነዱም፣ ፎቶውም ያሉበት አሉ። ለአንዲት ፋይል ሲባል የሰው የዓመታት ሥራ ሲደመሰስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ከፎርማት በፊት ሊሞከር የሚገባውን ሁሉ እዚህ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

መመሪያው በዋናነት ዊንዶውስ 7 ለተጫነባቸው አሮጌ ላፕቶፖች ነው፤ ዛሬም በየቤቱና በየትንንሽ ቢሮው ለሚሠሩት ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ፕሮቡክ፣ ቶሺባ ሳተላይትና ቲንክፓድ። ዊንዶውስ 10 የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ። ትዕዛዞቹ ኪቦርዱ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ ግን በስልክ ለሰው ስነግር እንደማደርገው ፊደል በፊደል እየጠራሁ እሄዳለሁ።

ከማብሪያው እስከ ዊንዶውስ ያለው ቅብብል

ላፕቶፑ ሲበራ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የመጀመሪያው አስነሺ ፕሮግራም) ይነሳና ራሙን፣ ኪቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይፈትሻል። ቀጥሎ የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፤ ማስተር ቡት ሬኮርድ የሚባለው ይህ ነው። እሱ «አክቲቭ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ፓርቲሽን (የሃርድ ዲስኩን ክፍል) ፈልጎ ሥራውን ለቡትኤምጂአር ያስረክባል። ቡትኤምጂአር ደግሞ ቢሲዲ የሚባለውን መዝገብ ከፍቶ ዊንዶውስ የት እንዳለ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የዊንዶውስ ምልክት ስክሪኑ ላይ የሚመጣው።

ይህን ቅብብል ማወቅ ግማሹ ጥገና ነው። ላፕቶፑ የሚያሳየው መልእክት ዱላው የወደቀው ከማን እጅ እንደሆነ ይነግርዎታልና። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት መልእክቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ስክሪኑ ጭልም ብሎ ማራገቢያው ብቻ የሚዞር ከሆነ ችግሩ ገና ከባዮስ ነው፤ ዊንዶውስን አይወንጅሉ። ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅለው ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያ ከሥር ያለውን ክዳን ከፍተው ራሙን ያውጡና የወርቅማውን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ጠርገው ይመልሱት። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ይሞክሩ።

«ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ካለ ባዮሱ ሃርድ ዲስኩን አላየውም፣ ወይም ሌላ ቦታ እየፈለገ ነው። መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድና በሲዲ ማጫወቻው ውስጥ የቀረ ሲዲ ካለ ያውጡ። ተረስቶ የተሰካ ፍላሽ ብቻ ሆኖ የተገኘበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ ከዚያ በኋላ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ ቅብብሉ እስከ መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው። ይህ የማስነሻ ፋይል ጉዳይ አይደለም፤ መፍትሔው ወደ መጨረሻ ላይ አለ።

ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር ይዩ

ላፕቶፑን እንዳበሩት ዴል፣ ኤሰርና ቶሺባ ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግመው ይጫኑ። ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገጽ ይከፈታል።

አንደኛው የሚታየው ነገር የሃርድ ዲስኩ ስም ነው። ስሙ ከሌለ ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ ሃርድ ዲስኩን ከቦታው አውጥተው መልሰው ጠበቅ አድርገው ይክተቱት። አሁንም ካልታየ፣ ወይም ጆሮዎን ጠጋ ሲያደርጉ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ማብራትና ማጥፋቱን ያቁሙ። የሚሞት ሃርድ ዲስክ በበራ ቁጥር ይብስበታል። ውስጡ ያለው ነገር ውድ ከሆነ ከዚህ በኋላ ሥራው የዳታ ማውጣት ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱና ቀኑ ነው። ይህን ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ላፕቶፕ ያለ በደሉ ፎርማት የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነውና። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከተገኘ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት፣ 3 ቮልት የምትሰጥ ናት፤ በላፕቶፕ ውስጥ ሽቦ ተበጅቶላት በላስቲክ ተጠቅልላ ትገኛለች። እሷ ስትሞት ባዮሱ የተስተካከለበትን ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ከሚቀየሩት አንዱ ሳታ ሞድ፣ ማለትም ላፕቶፑ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ዊንዶውስ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚለው ላይ ሆኖ ባዮሱ ወደ አይዲኢ ወይም ኤቲኤ ከተመለሰ፣ ዊንዶውሱ ምልክቱን አሳይቶ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል፤ የስሕተቱ ቁጥር መጨረሻም 7ቢ ይሆናል። ዊንዶውሱ ደህና ነው፤ የራሱን ሃርድ ዲስክ ማንበብ አቅቶት ነው እንጂ። ሳታ ሞዱን ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩ፣ ኤፍ10 ተጭነው ሴቭ አድርገው ይውጡ። ከተነሳ ጥገናው አልቋል፤ የቀረው ባትሪዋን መለወጥ ነው። ካልተነሳ ሞዱን ወደነበረበት መልሰው ይቀጥሉ።

ያለ ሲዲ የሚገባበት በር

ዊንዶውስ 7 ራሱን የሚጠግንበት ትንሽ ስርዓት ብዙውን ጊዜ እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ተደብቋል። ላፕቶፑን አብርተው የኩባንያው ምልክት ሲታይ ኤፍ8ን ጠብ ጠብ አድርገው ይምቱት። ጥቁር ገጽ ላይ ዝርዝር ይመጣል፤ የላይኛው «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» ነው። ከተገኘ ይግቡበት። የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ይጠይቃል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ኤፍ8 በተለመደው አሠራር አይሠራም። ላፕቶፑ ሊነሳ ሲጀምር ማብሪያውን ተጭነው በመያዝ ያጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት በራሱ ወደ ጥገናው ገጽ ይገባል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኤችፒ ላይ ኤፍ11፣ ኤሰር ላይ ኦልትና ኤፍ10፣ ቶሺባ ላይ ዜሮን ይዞ ማብራት «ሪከቨሪ» የሚል ገጽ ይከፍታሉ። ስሙ ጥገና ይመስላል፤ ሥራው ግን ላፕቶፑን ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ነው። ፋይልዎን ጠራርጎ ያጠፋል። ፋይልዎ እስካልወጣ ድረስ እሺ አይበሉት።

የእድሩ ላፕቶፕ በኤፍ8 አልገባም፤ ቡትኤምጂአር ራሱ ስለጠፋ ዝርዝሩን የሚያሳይ የለም። ያኔ መጠገኛ ሲዲ ያስፈልጋል። መጠገኛ ሲዲ ከመጫኛው የተለየ ነው፦ ዊንዶውስን አይጭንም፣ የምርት ቁጥርም አይጠይቅም፣ ይዘቱም ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ተራ ባዶ ሲዲ ይበቃዋል። የሚሠራው ደህና ከሆነ ሌላ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ላይ ነው። ስታርት የሚለውን ከፍተው መፈለጊያው ላይ አር ኢ ሲ ዲ አይ ኤስ ሲ ብለው ኢንተር ይበሉ፣ ባዶ ሲዲ ይክተቱ፣ «ክሪኤት ዲስክ» የሚለውን ይጫኑ።

ዋናው ጥንቃቄ 32 ቢትና 64 ቢት መመሳሰላቸው ነው። የታመመው 64 ቢት ከሆነ ሲዲውም ከ64 ቢት ኮምፒውተር መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ ይህ ከዊንዶውስዎ ጋር አይስማማም ብሎ ይመልስዎታል። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ሁለቱንም ይሥሩ፤ የአንድ ሲዲ ዋጋ ነው።

ለዊንዶውስ 10 በሲዲ ፋንታ ፍላሽ ይበቃል። ደህና በሆነው ኮምፒውተር መፈለጊያ ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብለው ይክፈቱና የስርዓት ፋይሎችን መያዝ የሚለውን ምልክት ያንሱት፤ ለማስነሻ ጥገና አያስፈልግም። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይጠቀሙ።

ሲዲውን በታመመው ላፕቶፕ ከትተው ሲያበሩ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭነው ከሲዲው እንዲነሳ ይምረጡ። «ፕሬስ ኤኒ ኪ» ሲል አንድ ቁልፍ ይምቱ። ሲዲው የኪቦርድ ዓይነት ሲጠይቅ «ዩኤስ» ይበሉ። ዘመድ ከጀርመን የላከው ላፕቶፕ ከሆነ ቁልፎቹ ላይ የተጻፈውና የሚወጣው ፊደል ይለያያል፦ ዋይና ዜድ ተለዋውጠው ነው የሚገኙት፣ ስላሽ ከቀኙ ሺፍት አጠገብ ሰረዝ የተጻፈበት ቁልፍ ነው፣ ኮለን ደግሞ ሺፍትን ይዞ ከኤል በስተቀኝ ያለውን መጫን ነው።

ከጥገናው በፊት ፋይሉን ያውጡ

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘል እለምናለሁ። ጥገናው ቢሳካም ባይሳካም ፋይሉ እጅዎ ላይ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይሰኩት። ባትሪው የሞተ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ወይም ዩፒኤስ ባለበት ቦታ ይሥሩ። ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰኩ። ከጥገናው ዝርዝር መጨረሻ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ይክፈቱ፤ ጥቁር መስኮት ይመጣል። ኤን ኦ ቲ ኢ ፒ ኤ ዲ ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ተራው ኖትፓድ ይከፈታል። «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን» ይበሉ፤ የሚከፈተው መስኮት እንደ ፋይል ማሳያ ያገለግላል። ከታች የፋይል ዓይነት የሚለውን «ኦል ፋይልስ» ያድርጉት፣ አለበለዚያ ጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው የሚያሳየው። «ኮምፒውተር» ውስጥ ገብተው «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበትን ድራይቭ ይፈልጉ። የሚፈልጉትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ «ኮፒ»፣ ፍላሹ ላይ ሄደው «ፔስት»።

መስኮቱ የደረቀ ሊመስል ይችላል፤ ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ ምልክት ላይኖር ይችላልና። አይንኩት፤ የፍላሹን መብራት እያዩ ይጠብቁ። የእድሩን ፎልደር ስገለብጥ ጸሐፊው አጠገቤ ቆመው ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ፍላሹን ስልኬ ላይ ሰክቼ ዝርዝሩን ከፈትኩላቸው። ወንበር ስበው የተቀመጡት ያኔ ነው።

ጥገናው

አሁን ከዝርዝሩ «ስታርታፕ ሪፔር» ይበሉ። ካልተሳካ ላፕቶፑን አስነስተው እንደገና፣ ለሦስተኛም ጊዜ ይሞክሩ፤ በየዙሩ አንድ አንድ ነገር ስለሚያስተካክል አንዴ አልሆነም ብለው አይተዉት።

ሦስቴ ሞክሮ እምቢ ካለ በእጅ ይሠራል። ኮማንድ ፕሮምፕት ይክፈቱ። በመጀመሪያ የድራይቮቹን ፊደል መለየት አለብዎት፤ ከመጠገኛ ሲዲ ሲነሱ ፊደሎቹ ይዘዋወራሉ፣ ዊንዶውሱ ከሲ ወደ ዲ ይሄዳል። ዲ አይ ኤስ ኬ ፒ ኤ አር ቲ ብለው ይግቡ፣ ከዚያ ኤል አይ ኤስ ቲ፣ ክፍተት፣ ቪ ኦ ኤል ዩ ኤም ኢ። ሠንጠረዥ ይመጣል። «ሲስተም ሪዘርቭድ» የሚል፣ 100 ሜጋባይት የሆነ ካለ ማስነሻው እሱ ነው፤ ትልቁ ዊንዶውሱ ያለበት ነው። ፊደሎቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ። በእኔ ምሳሌ ማስነሻው ሲ፣ ዊንዶውሱ ዲ ነው። በኢ ኤክስ አይ ቲ ይውጡ። ይህ ዲስክፓርት የሚባለው መሣሪያ ውስጥ ሲ ኤል ኢ ኤ ኤን የሚል ትዕዛዝ አለ፤ የፓርቲሽኖቹን ሠንጠረዥ ሙሉ በሙሉ ይሰርዛል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎም አይጠይቅም። በፍጹም አይጻፉት።

ቀጥሎ ቢ ኦ ኦ ቲ አር ኢ ሲ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ኤፍ አይ ኤክስ ኤም ቢ አር፤ ኢንተር። ይህ ማስተር ቡት ሬኮርዱን ያድሳል፣ የፓርቲሽኖቹን ሠንጠረዥ አይነካም። ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የተጫነበት ወይም ሃርድ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ላፕቶፕ ላይ ግን ይህን ይዝለሉት፤ የእነዚያን ማስነሻ ይደመስሳል። በዚያው ቃል መጨረሻውን ወደ ኤፍ አይ ኤክስ ቢ ኦ ኦ ቲ ቀይረው ይድገሙ።

«ኤለመንት ኖት ፋውንድ» የሚል መልስ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ማስነሻው ፓርቲሽን «አክቲቭ» የሚለውን ምልክት አጥቷል። ወደ ዲስክፓርት ተመልሰው ኤል አይ ኤስ ቲ ክፍተት ዲ አይ ኤስ ኬ ይበሉና የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ በመጠኑ ይለዩት፤ ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ፍላሹ ሊሆን ይችላልና በቁጥር ብቻ አይመኑ። ሃርድ ዲስኩ ዜሮ ከሆነ ኤስ ኢ ኤል ኢ ሲ ቲ፣ ክፍተት፣ ዲ አይ ኤስ ኬ፣ ክፍተት፣ 0። ቀጥሎ ኤስ ኢ ኤል ኢ ሲ ቲ፣ ክፍተት፣ ፒ ኤ አር ቲ አይ ቲ አይ ኦ ኤን፣ ክፍተትና የ100 ሜጋባይቱ ቁጥር። በመጨረሻ ኤ ሲ ቲ አይ ቪ ኢ፤ ከዚያ በኢ ኤክስ አይ ቲ ይውጡ።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉ የምወደው ትዕዛዝ ነው፦ ቢ ሲ ዲ ቢ ኦ ኦ ቲ፣ ክፍተት፣ ዲ ኮለን፣ ባክስላሽ፣ ደብሊው አይ ኤን ዲ ኦ ደብሊው ኤስ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤስ፣ ክፍተት፣ ሲ ኮለን። ባክስላሽ ከኢንተር በላይ ወይም አጠገቡ ያለው ቁልፍ ነው። ሌሎቹ ያለውን ያስተካክላሉ፤ ይህ ግን ዊንዶውሱ ውስጥ ካለው ቅጂ ቡትኤምጂአርን ወስዶ ማስነሻው ላይ ያስቀምጣል፣ ቢሲዲ መዝገቡንም ይጽፋል። «ቡት ፋይልስ ሰክሰስፉሊ ክሪኤትድ» ካለ ሲዲውን አውጥተው ያስነሱ። የእድሩ ላፕቶፕ የተነሳው በዚህች አንድ መስመር ነው።

ምልክቱን አሳይቶ ለሚወድቀው

በኤፍ8 ዝርዝር ውስጥ «ላስት ኖውን ጉድ ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ይሞክሩ፤ ቀጥሎ «ሴፍ ሞድ»። ካልሆነ ከጥገናው ዝርዝር «ሲስተም ሪስቶር» ይግቡና ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ያለ ቀን ይምረጡ፤ ሰነዶችዎን አይነካም፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞች ግን ይወጣሉ።

መብራት ድንገት የጠፋበት ላፕቶፕ ላይ የሃርድ ዲስኩን ሥርዓት መፈተሽም ይጠቅማል፦ ሲ ኤች ኬ ዲ ኤስ ኬ፣ ክፍተት፣ ዲ ኮለን፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤፍ። መጨረሻው ላይ ስላሽ አር ከተጨመረ የተበላሹ ቦታዎችንም ይፈልጋል፤ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ የደከመውን ዲስክም ይበልጥ ያደክማል። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ይሞክሩት።

ዊንዶውስ 7 የሬጂስትሪውን (የዊንዶውሱና የፕሮግራሞቹ ቅንብር የሚቀመጥበትን መዝገብ) ቅጂ «ሬግባክ» በሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። የሚገኘውም በዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ኮንፊግ ውስጥ ነው። በኖትፓዱ መስኮት ገብተው ኮንፊግ ውስጥ ያሉትን ሲስተም፣ ሶፍትዌር፣ ሳም፣ ሴኪዩሪቲና ዲፎልት የሚባሉ አምስት ፋይሎች ስማቸውን ይለውጡ፤ አያጥፏቸው። ከዚያ ከሬግባክ ያሉትን ወደዚያ ይገልብጡ። ከመገልበጥዎ በፊት መጠናቸውን ይዩ፦ ዜሮ ከሆኑ ይተዉት። ዊንዶውስ 10 ከ1803 እትም ጀምሮ ይህን ፎልደር ባዶ ስለሚተወው እዚያ ይህ መንገድ አይሠራም።

ከተነሳ በኋላ

ላፕቶፑ ተነስቶ ዴስክቶፑ ሲታይ መጀመሪያ የሚደረገው የራሱን መጠገኛ ሲዲ መሥራት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥር 14 ቀን 2020 በፈረንጆች አቆጣጠር ስላቆመ፣ በዚህ ላፕቶፕ የባንክ ሥራ ባይሠራበት እመክራለሁ፤ ለሒሳብና ለጽሑፍ ግን ገና ያገለግላል። የላፕቶፑን የሞተ ዋና ባትሪ መቀየርም የጥገናው አካል ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲህ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ለጸሐፊያችን ሲዲውን ሠርቼ ላዩ ላይ በማርከር «ዊንዶውስ 7፣ 64 ቢት» ብዬ ጻፍኩበት። ከፍላሹ ጋር ተቀብለውኝ በነጋታው የእድሩን የብረት ሣጥን ከፍተው ከማኅተሙ አጠገብ አስቀመጡት።